በጩኸት ያልነካው፣ በዝምታ የለወጠው፦ አራት የ«ግሬፕ» እትሞች ሲመዘኑ

የሚዳሰሰው ሥራ፦ ግኑ ግሬፕ፣ እትም 3.8፣ 3.9፣ 3.10 እና 3.11 (እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2022 እስከ ግንቦት 2023)

ግሬፕ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ፕሮግራም ነው። ኬን ቶምፕሰን ለዩኒክስ ሲጽፈው እ.ኤ.አ. 1973 ነበር። ሥራው ዛሬም ያው ነው፦ የፍለጋ ንድፍ ይቀበላል፣ ፋይል ያነባል፣ ንድፉ የገጠመበትን መስመር ያወጣል። ሊኑክስ ላይ የሚሠራ ሰው በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጠራው አይቆጥርም። ከሰው ይልቅ ደግሞ ስክሪፕቶች አዘውትረው ይጠሩታል፤ ጸሐፊያቸው መሥሪያ ቤቱን ከለቀቀ ቆይቷል፣ ሌሊት ሌሊት ብቻቸውን ይሠራሉ፣ ካልተበላሹ በቀር የሚከፍታቸው የለም። እንዲህ ያለ ፕሮግራም «ገጠመ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ መለወጥ የብዙ የማይታዩ ሰዎችን ሥራ መንካት ነው።

አራቱ እትሞች የወጡት በዘጠኝ ወር ውስጥ ነው። አዘጋጆቹ ጂም ሜየሪንግና ፖል ኤገርት በዚህ መስክ የሚያስተምሩ እንጂ የሚማሩ አይደሉም። ሥራቸውን ለመመዘን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ነባሩን የሚነካ ለውጥ ሲመጣ ፕሮግራሙ ለማን ተናገረ፣ መቼስ ዝም አለ? መልሱ እንግዳ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ውጤት በማይለወጥበት ቦታ ተጮኸ፤ ውጤት በተለወጠበት ቦታ ዝም ተባለ።

ጩኸቱ፦ እትም 3.8

እ.ኤ.አ. መስከረም 2 ቀን 2022 የወጣው 3.8 በብዛት የሚታወቀው ኢግሬፕና ኤፍግሬፕ በሚባሉት ሁለት ኮማንዶች ምክንያት ነው። ሁለቱም የግሬፕ ወንድሞች ናቸው፤ በ1979 በወጣው ሰባተኛው ዩኒክስ ውስጥ ነበሩ። የመጀመሪያው ሰፋ ያለውን የንድፍ ሰዋስው ይቀበላል፤ ሁለተኛው ምንም ልዩ ምልክት ሳይተረጉም ጽሑፉን እንደተሰጠው ይፈልጋል። ኋላ ላይ የዩኒክስ መስፈርት ሁለቱንም በግሬፕ አማራጮች ተካቸው፤ ግኑም ከ2007 ጀምሮ «አትጠቀሙባቸው» ሲል ቆይቷል። 3.8 ላይ ሲደረስ ምክሩ ወደ ማስጠንቀቂያ ተለወጠ። ኢግሬፕን የጠራ ሁሉ ኮማንዱ ጊዜው እያለፈበት መሆኑን የሚገልጽ አንድ መስመር በስህተት መውጫው ላይ ይደርሰዋል።

የፍለጋው ውጤት ግን ያው ነው። የመውጫው ኮድ ያው ነው። ኢግሬፕ በዚህ ዘመን ግሬፕን በተገቢው አማራጭ ከመጥራት ሌላ ሥራ የሌለው አጭር የሼል ስክሪፕት ነው፤ ማስጠንቀቂያውም እዚያው ስክሪፕት ውስጥ የተጨመረ አንድ መስመር ነው። እንዲህ ያለውን ፋይል ተሸክሞ መኖር አዘጋጆቹን የሚያስከፍላቸው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ተጠቃሚው ግን ከፈለ። ክሮን በቀጠሮ ያስኬደው ሥራ አንዳች ነገር ካወጣ ለባለቤቱ ኢሜይል ይልካል፤ ለዓመታት ድምፅ ያልነበረው ስክሪፕት ስለዚህ በየሌሊቱ ደብዳቤ መላክ ጀመረ። በስህተት መውጫው ላይ አንድ ፊደል ከታየ «ወደቀ» ብለው የሚመዘግቡ የሙከራ ፕሮግራሞች ደህናውን ሥራ ጣሉት።

በዚያው እትም የመጣው ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ግን የሚደነቅ ነው። ንድፍ ሲጻፍ ባክስላሽ የሚከተለውን ምልክት ትርጉም ይለውጣል። ሰዎች «ለማንኛውም» እያሉ ባክስላሽ በማያስፈልግበት ቦታም ይከቱታል፤ ለምሳሌ ከሰረዝ በፊት። መስፈርቱ እንዲህ ላለው ትርፍ ባክስላሽ ትርጉም አልሰጠውም፤ ስለዚህ ዛሬ እንደምንም የሚሠራው ነገ ሌላ ትርጉም ሊሰጠው ይችላል። 3.8 ይህን ለይቶ የትኛው ምልክት ፊት እንደቆመ ጭምር ይነግራል። ማስጠንቀቂያ ማለት ይህ ነው፦ ገና ያልመጣ የትርጉም ለውጥ ሊያጠቃው የሚችለውን ሰው፣ ስህተቱ ካለበት ቦታ ላይ ጣት ጠቁሞ መንገር።

ፕሮጀክቱ ከዚህ በፊትም በደንብ አስጠንቅቆ ያውቃል። ግሬፕ በየጥሪው የሚጨመሩለትን አማራጮች የሚያነብበት «ግሬፕ ኦፕሽንስ» የሚባል የሲስተም ተለዋዋጭ ነበረው። አንድ ሰው ለራሱ ምቾት ብሎ የሚሞላው ይህ ተለዋዋጭ ሌላ ሰው የጻፈውን ስክሪፕት ውጤት ሊያዛባ ይችላል። በ2014 በወጣው 2.21 እትም ማስጠንቀቂያ ተጀመረበት፤ ሙሉ በሙሉ የተነሣው በ2020፣ በ3.6 ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ተለዋዋጩን በተጠቀመ ቁጥር ተጠቃሚው ተነግሮታል። አደጋው እውነተኛ፣ ጊዜው በቂ፣ መልእክቱም ለሚመለከተው ብቻ ነበር። በሚቀጥሉት ሦስት እትሞች የጎደለው ይህ ሚዛን ነው።

ዝምታው፦ እትም 3.9

ግሬፕ ውስጥ «ፒ» የሚባል አማራጭ አለ። ሲከፈት የፐርልን ዓይነት ንድፍ ይቀበላል፤ ሥራውንም ፒሲአርኢ ለተባለ ላይብረሪ ያስተላልፋል። በዚህ ሰዋስው ሦስት ምልክቶች በየቦታው ይገኛሉ፦ ባክስላሽ-ዲ አሃዝን፣ ባክስላሽ-ደብሊው የቃል ፊደልን፣ ባክስላሽ-ቢ የቃል ዳርን ይወክላሉ። ከዚህ በኋላ «ዲ»፣ «ደብሊው»፣ «ቢ» እያልኩ እጠራቸዋለሁ።

እስከ 3.8 ድረስ ሦስቱም ጠባብ ትርጉም ነበራቸው። ለ«ደብሊው» ፊደል ማለት ከእንግሊዝኛው ፊደል፣ ከ0 እስከ 9 ካሉት አሃዞችና ከታች ሰረዝ የዘለለ አልነበረም። ይህ ለአማርኛ ጽሑፍ ምን ማለት እንደሆነ አንድ ምሳሌ ያሳያል። «ሰላም» የሚለውን ቃል ለብቻው ቆሞ ሲገኝ ብቻ ማውጣት ፈለግን እንበል፤ በግራና በቀኙ «ቢ» አስገባን። ፋይሉ ውስጥ «ሰላም ለእናንተ ይሁን» የሚል መስመር አለ። ግሬፕ ምንም አያወጣም። የቃል ዳር የሚኖረው በአንድ ወገን የቃል ፊደል፣ በሌላው ወገን የቃል ፊደል ያልሆነ ነገር ሲቆም ነው፤ ለጠባቡ ትርጉም ግን «ም»ም ክፍት ቦታም እኩል ባዕድ ናቸው፣ በመካከላቸው ዳር አይታየውም። የሚያስቀው ደግሞ ይህ ነው፦ «5ሰላም7» ተብሎ ከቁጥር ጋር ተጣብቆ ከተጻፈ ያገኘዋል! 5 የቃል ፊደል ነው፣ «ሰ» አይደለም፣ ስለዚህ በመካከላቸው ዳር አለ ይላል። ብቻውን የቆመውን ቃል ትቶ የተጣበቀውን ብቻ የሚያወጣ «የቃል ዳር» ለአማርኛ ተጠቃሚ ከሌለው ይብሳል። በዚህ ላይ ያለ ፒ አማራጭ፣ በዩቲኤፍ-8 በተዋቀረ ሲስተም ላይ፣ ያው ግሬፕ የግዕዝ ፊደል ፊደል መሆኑን ያውቃል። አንድ ፕሮግራም በአንድ አማራጭ ልዩነት ለአንድ ፊደል ሁለት ፍርድ ይሰጥ ነበር።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 5 ቀን 2023 የወጣው 3.9 ይህን አስተካከለ። የለውጥ ማስታወሻው የሰጠው ምሳሌ በስፓኒሽ የተጻፈው «ፔሩ» የሚለው የአገር ስም ነው፤ የመጨረሻው አናባቢ ምልክት ስላለበት ከቃሉ ውጭ ይቆጠር ነበር። ማስተካከያው በፒሲአርኢ ውስጥ የዩኒኮድ ባሕርያትን የሚያበራ አንድ ማብሪያ መክፈት ነበር። ለግዕዝም፣ ለዐረብኛም፣ ለሲሪሊክም በአንድ ጊዜ በር ተከፈተ። በዓላማው ፍጹም ትክክል የሆነ ሥራ ነው፤ ለአማርኛ ተጠቃሚ ከአራቱ እትሞች ሁሉ የሚበልጠውም እሱ ነው።

ጉዳቱ የመጣው ማብሪያው የሦስት ክፍል መብራት በአንድ ጊዜ የሚያበራ በመሆኑ ነው። አዘጋጆቹ የፈለጉት «ደብሊው»ንና «ቢ»ን ነበር፤ «ዲ»ም አብሮ ሰፋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ዲ» ከ0 እስከ 9 ካሉት አልፎ በዩኒኮድ የአሥርዮሽ አሃዝ የሚል ምድብ የተሰጠውን ሁሉ፣ የዐረብኛውን አሃዞች ጭምር፣ ይገጥም ጀመር። በተርሚናሉ ላይ አንድም ማስጠንቀቂያ አልታየም። ለኢግሬፕ የተጮኸውን ያህል አንድ አሥረኛው እንኳ አልተሰማም።

አሃዝ ለምን ይለያል?

«ፊደል ከሰፋ አሃዝስ ለምን አይሰፋም?» ብሎ የሚጠይቅ ተገቢ ጥያቄ ጠየቀ። በስሙ የፐርልን ንድፍ እቀበላለሁ የሚል አማራጭ ፐርልን ቢመስል ምን ይከፋል? ፐርል በዩኒኮድ ጽሑፍ ላይ «ዲ»ን ሰፊ አድርጎ ይተረጉማል፤ ፓይተን 3ም እንዲሁ።

መልሱ ያለው ከፍለጋው በኋላ በሚሆነው ነገር ላይ ነው። ፓይተን ውስጥ «ዲ» ያገኘውን አሃዝ ወደ ኢንቲጀር የሚለውጠው ተግባር የዐረብኛውንም አሃዝ ተቀብሎ ያሰላል፤ የሚያገኘውና የሚያሰላው እጅ ለእጅ የተያያዙ ናቸው። ግሬፕ ያገኘውን የሚያስረክበው ለሼል ነው፤ ሼል ደግሞ ከ0 እስከ 9 ካሉት በቀር ቁጥር አያውቅም። በ«ዲ» ዕድሜን፣ ዋጋን፣ የፖርት ቁጥርን ያጣራ ስክሪፕት የሚለው «ከዚህ ያለፈው ሁሉ ሊሰላ ይችላል» ነው። ሰፊው ትርጉም ይህን ዋስትና ያፈርሰዋል፤ ማጣሪያው «ይለፍ» ያለውን ቀጣዩ እርምጃ አይረዳውም። ማጣሪያው የደኅንነት ሥራ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከመሰናከል ያልፋል።

የግዕዝ አሃዝ ይህን ክርክር ከሌላ ወገን ያጠናክረዋል። ዩኒኮድ ከ፩ እስከ ፼ ያሉትን ምልክቶች ያስቀመጠው ከአሥርዮሽ አሃዞች ጋር ሳይሆን «ሌላ ቁጥር» በሚለው ምድብ ነው። ምደባው ትክክል ነው። የግዕዝ አሃዝ ዜሮ የለውም፣ በቦታ ዋጋም አይሠራም። ፳፻፲፭ ብለን ስንጽፍ ሃያ መቶ አሥራ አምስት ነው፤ አራቱን ምልክቶች እንደ አራት የአሥርዮሽ ቤቶች የሚያነብ ፕሮግራም ዓመቱን ያበላሸዋል። ስለዚህ በ3.9 ሰፊው «ዲ» እንኳ ፩ን አሃዝ አላለውም። በሌላ በኩል «ደብሊው» ማንኛውንም የቁጥር ምድብ ስለሚቀበል ፩ን የቃል አካል አድርጎ ወሰደው። የዚያ ማብሪያ ትርፍ ለግዕዝ ተጠቃሚ ፊደሉ ነበር፤ ከአሃዙ መስፋት ያገኘው አንዳች ነገር የለም። ፊደልና አሃዝ ተነጣጥለው መታየት እንደነበረባቸው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ጥድፊያው፦ እትም 3.10

ስህተቱ ቶሎ ታወቀ። በ17 ቀን ውስጥ፣ መጋቢት 22 ቀን፣ 3.10 ወጣ። ውሳኔው ግልጽ ነበር፦ «ዲ» ምንጊዜም ከ0 እስከ 9 ብቻ ነው፤ የሌላ ጽሕፈት አሃዝ የሚፈልግ የዩኒኮድ ምድቡን በስሙ ይጥራ። ውሳኔው ትክክል ነው፤ የፐርልን አርአያ ትቶ የተጠቃሚውን ስክሪፕት ለማዳን መምረጥ ድፍረት ይጠይቃል።

አፈጻጸሙ ግን የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ዓይነት ሆነ። ግሬፕ ንድፉን ለላይብረሪው ከማስረከቡ በፊት «ዲ»ን ባየበት ሁሉ አውጥቶ በምትኩ [0-9] የሚለውን ይከት ጀመር። «ዲ» ብቻውን ሲቆም ይህ ያለ ችግር ይሠራል። ነገር ግን ሰዎች «ዲ»ን በማዕዘን ቅንፍ ውስጥም ያስገቡታል፤ ከነጥብ ወይም ከሰረዝ ጋር ደርበው የአይፒ አድራሻ ወይም ቀን ለመፈለግ። ቅንፍ ውስጥ ሲተካ [[0-9]] ሆነ። ላይብረሪው ይህን ሲያነብ የመጀመሪያው መዝጊያ ቅንፍ ላይ ስብስቡን ይዘጋል፤ ትርፉን መዝጊያ እንደ ተራ ምልክት ይቆጥረዋል። ስለዚህ ንድፉ 7ን አይገጥምም፤ «7]»ን ይገጥማል። የአንድ አሃዝ ትርጉም ለመጠበቅ የተደረገው ጥገና፣ የዩኒኮድ ጣጣ ከቶ የማይመለከተውን፣ ንጹሕ የእንግሊዝኛ ፋይል የሚፈልግ ሰውን ንድፍ ሰበረ። ይህም ያለ ማስጠንቀቂያ ነው።

የጽሑፍ ፍለጋ ፕሮግራም የፍለጋ ንድፍን ሰዋስው ሳያነብ በጭፍን ፈልጎ መተካቱ ለብቻው የሚያስገርም ነው። ቅንፍ ውስጥ ያለውንና ከቅንፍ ውጭ ያለውን የማይለይ መተካት አደጋ እንዳለው ከእነሱ በላይ የሚያውቅ አይኖርም።

ማፈግፈጉ፦ እትም 3.11

ግንቦት 13 ቀን 2023 የወጣው 3.11 መተካቱን ትቶ ማብሪያውን ራሱን አጠፋ። «ዲ» በቅንፍ ውስጥም ከቅንፍ ውጭም እንደ ድሮው ሆነ። «ደብሊው»ና «ቢ»ም ወደ ጠባቡ ትርጉማቸው ተመለሱ። የለውጥ ማስታወሻው ወደፊት እነዚህ ሁለቱ እንደገና ሊሰፉ እንደሚችሉ ይናገራል።

ለአማርኛ ተጠቃሚ ይህ ማለት «ሰላም» ለሁለት ወር ከጥቂት ቀን ቃል ሆኖ ቆይቶ እንደገና ቃል አልሆነም ማለት ነው። ቢሆንም ማፈግፈጉን አልነቅፍም። የአንድ ለውጥ ዋጋ የሚለካው በላዩ ላይ ስንት ሥራ ተገንብቷል በሚለው ነው፤ 3.9ና 3.10 ወደ ብዙ ሰርቨር ሳይደርሱ ነው የተመለሱት። ዴቢያን 12 የያዘው 3.8ን ነው፤ ኡቡንቱ 22.04 3.7ን፣ 24.04 ደግሞ 3.11ን። በእነዚህ ላይ የሚሠራ ሰው ሰፊውን ትርጉም አላየውም። ጠባቡ ትርጉም ግን ለዓመታት የቆየ ነው። ሁለቱ ከተጋጩ ሰፊው ተቀባይነት ባገኘ መንገድ እስኪመለስ ድረስ ጠባቡ ቢቆይ ይሻላል። ላይብረሪውም በየካቲት 2024 በወጣው 10.43 እትሙ «ዲ»ን ከሌሎቹ ለይቶ ጠባብ ማድረግ የሚያስችል ምርጫ ጨመረ። ከመጀመሪያው የጎደለው ይህ መሣሪያ ነበር፤ 3.9 እሱን ቢጠብቅ ኖሮ 3.10ም 3.11ም በዚህ ምክንያት ባልተወለዱ ነበር።

ለአዘጋጆቹ የሚገባቸውን ምስጋና ሳልሰጥ አላልፍም። የግሬፕ የለውጥ ማስታወሻ ስህተት ሲታረም በየትኛው እትም እንደገባ ብዙ ጊዜ ይመዘግባል። የ3.10 ማስታወሻ ጥፋቱን በ3.9 ላይ፣ የ3.11 ማስታወሻ በ3.10 ላይ በግልጽ ጽፏል። ይህን ዳሰሳ መጻፍ የተቻለው በዚያ ሐቀኝነት ነው።

«ለ3.9 ማስጠንቀቂያ ማውጣት አይቻልም ነበር፤ በ«ዲ» ሁሉ ላይ ቢጮኽ ማን ይችለዋል?» የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው፤ በእያንዳንዱ ንድፍ ላይ መጮኽ ከኢግሬፕ የባሰ ግርግር ይፈጥር ነበር። መንገዱ ግን ጩኸት ብቻ አይደለም። ሰፊው ትርጉም በመጀመሪያ በፈቃድ የሚከፈት ሆኖ፣ ከአንድ ሁለት እትም በኋላ ነባሪ መሆን ይችል ነበር። ለ«ግሬፕ ኦፕሽንስ» ስድስት ዓመት የታገሠ ፕሮጀክት ለፊደልና ለአሃዝ ትርጉም አንድ ዓመት መታገሥ አያቅተውም። ለውጡ «የስህተት እርማት» በሚል ርዕስ መግባቱም ለጥድፊያው ምክንያት ሆኗል ብዬ አምናለሁ። እርማት የተባለ ለውጥ ሲወጣ ነባሩን ማን ተደግፎበታል ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም፤ ለዓመታት የቆየ ስህተት ግን በሺህ ስክሪፕት ውስጥ ልማድ ሆኗል።

ፍርዴ እንደሚከተለው ነው። 3.8 በባክስላሹ የተመሰገነ፣ በኢግሬፕ ጉዳይ ግን ያለ ትርፍ የጮኸ ነው። 3.9 በዓላማው ከሁሉ የሚሻል፣ በአወጣጡ ከሁሉ የከፋ ነው። 3.10 ትክክለኛ ውሳኔ በተሳሳተ እጅ የተፈጸመበት ነው። 3.11 ትሑትና ተገቢ ነው፤ ዕዳው ግን በዚያ እትም አልተከፈለም፤ ከእንግሊዝኛ ውጭ የሚጽፍ ሁሉ በፒ አማራጭ ውስጥ የሚገባውን እንዲጠብቅ ተደረገ።

አማርኛ ጽሑፍ የሚያጣሩ ስክሪፕት ጸሐፊዎች እስከዚያው የትኛው እትም ሰርቨራቸው ላይ እንዳለ በመገመት አይሥሩ። አሃዝ ሲፈልጉ [0-9] ብለው ይጻፉ። የግዕዝ ፊደል ሲፈልጉ ዩኒኮድ ጽሕፈቱን «ኢትዮፒክ» ብሎ የሚጠራበትን ባሕርይ በፒ አማራጭ ንድፍ ውስጥ ይጥቀሱ። ሁለቱም በአራቱም እትሞች አንድ ዓይነት ውጤት ይሰጣሉ።